«ሾክ አብዞርበር፣ የኋላ፣ ሁለት ፍሬ»

የግዢ መጠየቂያው ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር፦ «ሾክ አብዞርበር፣ ለፒካፕ፣ የኋላ፣ ሁለት ፍሬ።» ሌላ ምንም የለም። የመኪናው ሞዴል የለ፣ የሻንሲ ቁጥር የለ፣ መኪናው ምን እንደሚጭንና የት እንደሚሄድ የለ። እኔ ደብረ ማርቆስ ባለው መሥሪያ ቤታችን ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። ወረቀቱን ያየሁት ዕቃው ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ተበላሽቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ግዢ ክፍል እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። ማንም ከመመሪያ አልወጣም። ችግሩ ሦስቱ አቅራቢዎች ዋጋ የሰጡት ለሦስት የተለያየ ዕቃ መሆኑ ነው። አንዱ ለከተማ መኪና የሚሆን፣ አንዱ ለጭነት፣ አንዱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ገዢ አጥቶ የተቀመጠውን። የቱ እንደሚረክስ መገመት አያቅትም።

ዕቃው ሲያዩት ግን ያምራል። ወፈር ብሎ፣ ደማቅ ቀለም ተቀብቶ። ሹፌራችን ካርቶኑን እንደከፈተ «ይሄማ የበረሃ ነው! ለጮቄ መንገድ መድኃኒቱ ይኼ ነው» አለ። ተገጠመ። ባዶውን ደምበጫ ደርሶ መጣ። አስፋልት ላይ ባዶ መኪና ምን ይሆናል?

ግንቦት ላይ የድንች ዘር ወደ ጮቄ ማውጣት ነበረብን። በሮብ ገበያ አድርጎ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ድንጋይ፣ ኮረኮንች፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ። ደብል ጋቢና ፒካፕ እንደ ሞዴሉ ሰውን ጨምሮ ከ700 እስከ 1,000 ኪሎ ገደማ ነው የሚችለው። የኛው እስከ አፉ ተጭኖ፣ ላዩ ላይ ሠራተኛ ተጨምሮ ወጣ። ከሰዓት ሹፌሩ ደወለ። «አለቃ፣ ከኋላ ቋ ቋ የሚል ነገር አለ።»

ጭነቱን አራግፎ ሲወርድ በቀጥታ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መፍቻ እንኳ አላነሱም። ጎንበስ አሉና ሁለቱን ሾኮች በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጓቸው። ግራው ያቃጥላል። ቀኙ ለብ ብሏል። «ይቺ ሥራ አቁማለች» አሉ፣ ወደ ቀኙ እያመለከቱ።

ነገሩ ሲገባህ ቀላል ነው። ሾክ ዘይት ያዘለ ቱቦ ነው። ጎማው በተነሳና በወደቀ ቁጥር ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሾልከዋል፤ የባሌስትራው (መኪናውን ከኋላ የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ንዝረት ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይወጣል። ስለዚህ ኮረኮንች ላይ ውሎ የመጣ ሾክ መጋል አለበት። ካልጋለ አልሠራም ማለት ነው። መኪናውን በእጅ ገፍቶ ማወዛወዝ ለቤት አውቶሞቢል ይሠራ ይሆናል፤ ደረቅ ባሌስትራ ያለው ፒካፕ ግን በእጅ ቢገፉት ሚስጥሩን አያወጣም።

ሲፈታ ዘንጉ ተጣሟል፣ ዘይቱ ፈሷል። ላይኛው ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ሹፌሩ «ፎርጅድ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕቃው ደህና ነው ልጄ። የሌላ መኪና ነው እንጂ።»

ከዚያ ያደረጉትን በብዙ ጋራዥ አላየሁም። ሌላኛውንም አስፈቱ። የአሸዋ ጆንያ አስጫኑ። ክሪኩን ከአክስሉ ስር አስገብተው፣ ከሻንሲው ስር ያለችው ጥቁር ጎሚኒ አክስሉን እስክትነካ ድረስ አነሱት። ከላይኛው ቡሎን እስከ ታችኛው በሜትር ለኩ። ቀጥለው ደህናውን ሾክ እስከ መጨረሻው አስጨምቀው እሱንም ለኩ። ሾኩ በሁለት ጣት ያህል በለጠ። ጎሚኒዋ አክስሉን ሳትቀበለው በፊት ሾኩ ራሱ አልቆ ነበር ማለት ነው። ድንጋይ በተመታ ቁጥር የጭነቱን ግፊት የተቀበለው እሱ ነው።

ዕቃው የተሠራው ባሌስትራው ተቀይሮ ከፍ ለተደረገ መኪና ነበር። የኛ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ሲጫን ደግሞ ጭራሽ ይወርዳል። አንድ አለቃ «ጠንካራ ሾክ ከሆነ ተጨማሪ ኩንታል አይችልም ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አይችልም። ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው።

ሁለተኛው መጠየቂያ አንድ ገጽ ሞላ። የሻንሲ ቁጥር፣ የተመረተበት ዓመት፣ ቁመቱ ያልተቀየረ፣ ሾኩ ሲዘጋና ሲከፈት ሊኖረው የሚገባ ርዝመት፣ የማሰሪያው ዓይነት። «ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋዝ ያለው» የሚለው ላይ ግን ክርክር ተነሳ። ሹፌሩ ባለ አንድ ቱቦውን ቢልስታይን የሚባለውን ካልሆነ አለ። ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ዘይቱና ጋዙ ስለሚለያዩ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀትም ቶሎ ይተነፍሳል፤ እውነቱን ነው። ጋሼ ግን ፒስተኑ የሚሄደው እዚያው ውጪኛው ግድግዳ ላይ ነው አሉ። ጎማ ያፈናጠረው ድንጋይ ቱቦውን ከጎደጎደው ፒስተኑ ይነክሳል። ባለ ሁለት ቱቦው ውጪው ቢጎደጉድም ውስጡ ይሠራል። ለጠጠር መንገድ እኔም ለሳቸው ፈረድኩ፤ ባለ ሁለት ቱቦው፣ ካያባ የሚባለው ተገዛ።

ሲገጠም ቡሎኖቹን መጨረሻ ያጠበቋቸው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የሾኩ ዓይን (ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት) ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዝና ቶሎ ይቀደዳል። ረዳታቸው ቸኩሎ አንዱን አጥብቆት ነበር፤ አስፈቱት።

ኦዲተሩ በሁለተኛው ግዢ ዝቅተኛው ዋጋ ለምን እንዳልተመረጠ ጠየቀ። የልኬቱን ወረቀትና የተጣመመውን ዘንግ አንድ ላይ ሰጠነው። ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አንከባልሎ ሲወላገድ አየና ፈረመ።

አሁን የፊተኞቹ ተራ ደርሷል። ሹፌሩ አባይ በረሃ ላይ የተንሸራተተውንና የተጨማደደውን አስፋልት እያነሳ ቢልስታይኑን እንደገና አምጥቷል። ፊት ለፊት ሾኩ ሞላው (ጥቅልል ስፕሪንጉ) መሃል ስለሚቀመጥ ድንጋይ እንደ ኋላው አያገኘውም ይላል። ጋሼ እስካሁን መልስ አልሰጡትም።