ሻይ ለሚወድ ሰው ምን ይሰጠዋል?

ጎንደር ውስጥ ቡና የሚወድ ሰው ስጦታ አያጣም። ጀበናው አለ፣ ሲኒው አለ፣ ረከቦቱ አለ፣ እጣኑ አለ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ተቋጥሮ ይመጣለታል። ለሻይ ወዳዱ ግን የሚደርሰው ስኳር ነው። በዚህ ኑሮ ስኳር የሚጠላ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ስኳሩን የምንገዛው ልማድ ሆኖብን ነው፤ ሰውየው ምን ደስ እንደሚለው ቆም ብለን አናስብም።

ጥምቀት ሲቃረብ ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይመጣል፣ ስልኬም ይጮሃል። አንዱ «ለእትዬ ምን ይዤ ልምጣ?» ይለኛል፣ ሌላው «ከጎንደር ምን ይዤ ልመለስ?» ይለኛል። ቤተሰባችን ሻይ ጠጪ የበዛበት ስለሆነ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ሻዩን እንዴት እንደሚጠጣ እዩ።

አክስቴን ልንገራችሁ። ቲባግ ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። እሷ በራዷን ትጥዳለች፣ ቀረፋውን በእጇ ትሰብራለች፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ትጥላለች፣ ሄሉን በሙቀጫ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትጨምራለች። ሽታው ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ይፈላል። ሻይ ቅጠሉ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ከእሳት ታወርደውና ከድና ትተወዋለች፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ብዙ ከፈላ ይመራል። ለእሷ ውድ ሻይ ከመግዛት አንድ ጥሩ ማጥለያ መግዛት ይሻላል። ከውሽውሽም ከጉማሮም የሻይ እርሻ የሚመጣው፣ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ሻይ በአብዛኛው በማሽን ተጨፍልቆ፣ ተቆራርጦና ተጠቅልሎ ደቃቅ ፍሬ የሆነ ነው። ቶሎ ይቀላል፣ ወፍራም ሻይ ይወጣዋል፣ ግን በፕላስቲኩ ማጥለያ ቀዳዳ ሾልኮ ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ወንፊቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ እጀታው ጠንካራ የሆነ የብረት ማጥለያ ስጧት፣ በየቀኑ ታነሳችኋለች።

ቅመም የምትሰጡ ከሆነ ያልተፈጨውን ግዙ። ተፈጭቶ በላስቲክ የታሰረ ቅመም ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ቅርንፉድ ስትመርጡ ጭንቅላቱ ያልረገፈውን፣ በጥፍር ጫን ሲሉት ቅባት የሚያወጣውን እዩ። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ጥሩ ቀረፋ ያለበት ሻይ ስኳር ሲቀነስበትም ይጠጣል። «ማር ይሻለዋል» ብላችሁ ማር እንዳትወስዱለት፣ ማርም ያው ስኳር ነው።

ከጎንደር ይዞ ለሚመለስ ሰው ግን አንደኛው ጦስኝ ነው። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም! ጦስኝ የደጋ ነገር ነው፣ በደባርቅና በሰሜን ተራራ በኩል ያለ ሰው ያለ እሱ ሻይ የጠጣ አይመስለውም። አዲስ አበባም ይሸጣል፤ ነገር ግን ከአገሩ አካባቢ ተመርጦ የመጣውና ሱፐርማርኬት ውስጥ የከረመው አይገናኙም። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ መጀመሪያ ያያችሁትን ዝም ብላችሁ አታስጠቅልሉ። ትንሽ ቆንጥራችሁ በመዳፋችሁ እሹት። ጥሩ ከሆነ ሽታው ወዲያው አፍንጫ ይመታል። ገለባ ገለባ ከሸተተ የከረመ ነው፣ እለፉት። ቀለሙንም እዩ፤ ጥላ ላይ የደረቀ አረንጓዴነቱ አይለቀውም፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ግን ይገረጣል። መሬት ለመሬት የሚበቅል ስለሆነ አፈር አያጣውም፣ ስለዚህ ቤት ስትደርሱ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት፣ ወፋፍራሙን እንጨት ልቀሙ፣ ከዚያ ክዳኑ ግጥም የሚል ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምሩት። የአበባ ወረቀት ምናምን አያስፈልገውም። የተለቀመና የጸዳ ጦስኝ የተቀበለ ሰው ምን ያህል እንደለፋችሁ ያውቃል።

ማታ ሻይ ጠጥቶ እንቅልፍ እምቢ ለሚለው ሰውም ጦስኝ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ከተፈላ ካፌይን የለውም። ከርከዴም እንደዚያው። ከርከዴ የቆላ ነው፣ ሱዳኖች በሙቅም በቀዝቃዛም ይጠጡታል፣ እኛም በመተማ በኩል ጎረቤቶቻቸው ነንና ለምደነዋል። ዱቄት የሆነውን ትታችሁ ሙሉ የሆነውን፣ ጥቁር ቀይ የሆነውን ግዙ። ተቀባዩ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ከርከዴ ግፊት ዝቅ ሊያደርግ ይችላልና።

ከውጭ ለምትመጡ አንድ ልመና አለኝ። ሻይ ሽታ ይስባል፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። ባለፈው አንድ ዘመዳችን በሚያምር ካርቶን የታሸገ ሻይ ይዞልን መጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ከሳሙናና ከሽቶ ጋር ነበር የተጓዘው፣ ከፍተን ስናፈላው ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ሆነ። አንጀቴ ነው ያረረው፣ ያን ያህል መንገድ ተሸክሞት መጥቶ! በቆርቆሮ የታሸገውን ግዙ፣ ወይም በደንብ አጥብቃችሁ እሰሩትና ከልብስ ጋር አድርጉት። እዚህም ቤት ውስጥ ከበርበሬና ከቡና አጠገብ አታስቀምጡት።

አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ያመጣችሁት፣ አሠራሩን አብራችሁ ንገሩ። አረንጓዴውም ጥቁሩም ከአንድ ተክል ነው የሚመጡት፣ ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ ያለው አያያዝ ነው። ጥቁሩ የፈላ ውኃ ይችላል። አረንጓዴው ግን እየተንተከተከ ያለ ውኃ ከገባበት ይመራል፤ ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪሆን ትንሽ መብረድ አለበት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃም ይበቃዋል። ይህን ያልነገራችኋት እናት እንደለመደችው በራድ ላይ ታንተከትከውና «መድኃኒት ነው እንዴ?» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ትወረውረዋለች። ብዙ ጥሩ ሻይ እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው። ትንሽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ቆርቆሮው ላይ ለጥፉት።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ፔርሙዝ ግዙለት። የጎንደር ማታ ይበርዳል፣ ፈተና ሲደርስ እስከ ሌሊት የሚያጠና ልጅ ሙቅ ነገር ፈልጎ መውጣት የለበትም። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ የውስጡን ጎማ እዩ፣ መቀያየሪያ ይኖረው እንደሆነም ባለሱቁን ጠይቁ፤ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው። ፈላ ያለ ውኃ ጨምሩበትና ዘቅዝቃችሁ ያፈስ እንደሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፣ ባለሱቁ ቢያኮርፍም።