የጊቤ ዳር ጀልባ ሠሪ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ የግልገል ጊቤን ውሃ በመስኮት ያየዋል። ወርዶ የሚጠጋው ግን ጥቂት ነው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቅዳሜ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን በጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ውሃው ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቼ ነበር።

ይህ መንገድ በክረምት ልብ ይሰርቃል። የቦዬ ረግረግ ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ጉማሬዎቹ አልታዩንም። ሰርቦን ስናልፍ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጧል፣ ጤፉ ገና ለጋ ነው። አሰንዳቦ ወርደን የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዛን። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማ ያስወልቃል።

ውሃውን ያቆመው የግልገል ጊቤ ግድብ 40 ሜትር ቁመት አለው፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ይህ ሁሉ ውሃ የተኛበት ቦታ እርሻና ግጦሽ ነበር። ቤታቸውንና መሬታቸውን ለቀው የተነሱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እዚህ ጀልባ መሥራት የአባት ሙያ አይደለም። ጣና ላይ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት ከአያት ከቅድመ አያታቸው ነው የተማሩት። እኚህ ሰው ግን በር፣ አልጋና በርጩማ ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው። ውሃው መጣ፣ ዓሣ አጥማጅ መጣ፣ ጀልባ አምጡ ተባሉ።

«አባባ፣ ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው። «እንጨቱ» አሉኝ።

ገባኝ። እኔም ያደግሁት ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ በአባቴ እንጨት ቤት ውስጥ ነው። የጅማ በርጩማ ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። ያን የሚያወጣ እጅ እንጨት የት እንደሚታዘዝ፣ የት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል።

የጀመሯት ጀልባ በሁለት ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ወደ ዳርቻው አሳዩኝ። ውሃው በበጋ ይሸሻል፣ በክረምት ይመለሳል፤ ጀልባዋ ብዙ ርቀት በጭቃ ላይ መጎተት አለባት። ሾጣጣ ሆድ ቢኖራት ትሰምጣለች። ጣውላዎቹ ግራቪሊያ ናቸው፤ ከውስጥ የሚይዟቸው ማገሮች ግን ዋንዛ። ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ሁሉንም በዋንዛ ቢሠሩ ደስ ባላቸው፤ ዋጋው አይቀመስም። በጣውላዎቹ መሃል ጨርቅ በመሮ እየጠቀጠቁ ከላይ የቀለጠ ሬንጅ ያፈሱበታል። ያንን ሲሠሩ ረጅም ሰዓት ቆሜ አየሁ። አይቸኩሉም። አንድ ክፍተት ሦስቴ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ሰው በዚያ ላይ ነፍሱን አምኖ ይሳፈራላ!

የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ውሃው ቀይ ቡናማ ነው። ያ ከላይ ከየማሳው የታጠበ አፈር ነው፤ እዚህ መጥቶ ይተኛል። በደለሉ ልክ ውሃው የሚይዘው ቦታ ይጠባል። ከዚህ የሚወጣው ውሃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። እና ዳገቱ ላይ ዋንዛ መትከል ለአናጢውም፣ ለዓሣ አጥማጁም፣ ለመብራቱም ነው። ችግኝ በየክረምቱ ይተከላል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ያስፈልጋል። ሽማግሌው ከቤታቸው ጓሮ የተከሏቸውን አሳዩኝ። ዙሪያቸውን በእሾህ አጥረዋል። ለራሳቸው እንደማይደርሱላቸው ያውቃሉ።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በላን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይይዘን ወደ አስፋልቱ ወጣን።

ስንለያይ ለጠባቡ ክፍተት የሚሆን ቀጭን መሮ እንዳጡ ነግረውኝ ነበር። የአባቴ መሮዎች ቤት ተቀምጠዋል፤ አባቴ ዓይኑ ደክሞ አይሠራባቸውም። ነገሩን ሳወራው ራሱ ተነስቶ ሁለቱን መረጠ፣ ሳላቸው፣ በጨርቅ ጠቀለላቸው። ሰኞ ለአሰንዳቦ ሚኒባስ ሾፌር ሰጥቼ ልኬላቸዋለሁ።