የባቲ ሰኞ፦ የአፍላ ፍቅርን ስንኝ እንዴት እንደቋጠርኩት

የአፍላ ዕድሜ ፍቅርን በግጥም ለመጻፍ ስነሳ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ዘይቤው ሁሉ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ በዓይኑ ካየው ነገር መውጣት አለበት። ልጁ ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ባቲ ድረስ ለገበያ የሚልከው ነው። ስለዚህ ጨረቃዋን፣ የሚዳቋዋን ዓይንና የጥምቀቱን ሎሚ ከደጅ አስቀረኋቸው። ያምራሉ፤ ነገር ግን የአፍቃሪ ሁሉ ንብረት ስለሆኑ ስለዚህ ልጅ የሚነግሩን ነገር የለም።

ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። አፋሩ ከበረሃው፣ አማራውና ኦሮሞው ከየቀዬው መጥተው ግመሉንም እህሉንም ጨዉንም ይገበያዩባታል። የመጀመሪያው ስንኝ የተገኘው ከዚያው ግርግር ነው፦

ጨው ልገዛ መጣሁ፣ ሰኞ ለገበያ፤
ልቤን ሰጠሁልሽ፣ ለዋጋ መክፈያ።

እዚህ ላይ «ልቤ እንደ ገንዘብ ነው» ማለት ይቻል ነበር። አነጻጻሪ ዘይቤ ግን ቆም ብሎ ያመዛዝናል፤ አፍላ አፍቃሪ ደግሞ ለማመዛዘን ፋታ የለውም። «እንደ» ሳይል አንዱን ነገር ሌላ በሚያደርገው ተለዋጭ ዘይቤ ሲሆን ግን ልቡ በቀጥታ ከኪሱ ወጥቶ ይከፈላል። በእጁ ያለው ብር የአባቱ ነው፤ የራሴ የሚለው ሀብት ልቡ ብቻ ነው። ልጅነቱን የሚያሳብቅበትም ይኸው ነው።

ዓይናፋርነቱን ለመግለጥ የተጠቀምኩት ሰው ላልሆነው የሰው ባሕርይ የሚሰጠውን ሰውኛ ዘይቤን ነው። በዚያ ዕድሜ «አፈርኩ» ብሎ የሚናገር ልጅ የለም፤ እፍረቱን ሌላ ላይ ይለጥፋል። ክረምት ላይ ደሴን ያየ ሰው ጦሳ ጉም ሲለብስ ያውቃል፦

ምስጢሬን ብነግረው፣ ለጦሳ ተራራ፤
ጉም ተከናነበ፣ ከኔ ብሶ ፈራ።

«ከኔ ብሶ» የምትለዋ ሐረግ ኩሸት፣ ማለትም ማጋነን ናት። ኩሸት በጎልማሳ አፍ ሽንገላ ይመስላል፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ ግን ያየውን መመስከር ነው። ተራራው በእርግጥ ፈርቷል ብሎ ያምናል።

የግጥሙን ምጣኔ የወል ቤት አደረግሁት፤ በየስንኙ ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት)፣ ትንሽ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። ባቲ በሚባለው የዜማ ቅኝት እያንጎራጎርኩ እፈትነዋለሁ፤ ምላስ ላይ የሚደነቃቀፍ ቃል ካለ ያኔ ይጋለጣል። ለእኔ ከወረቀት ይልቅ ጉሮሮ የታመነ አራሚ ነው።

ያስቸገረኝ የልጅቷ መልስ ነበር። እሺ ካለች ግጥሙ ያልቃል፤ እምቢ ካለችም ያልቃል። ደግሞም በወሎ የዘፈን ግጥም ሴቷ አፍ አታጣም፤ ዝም ማሰኘት ነውር መሰለኝ። አዲስ ምሳሌ ከመፈለግ የጨዉን ነገር ወደፊት ገፋሁት፦

ሚዛኔ ትንሽ ነው፣ ልብህን አይችልም፤
ሰኞ አምጣው እንጂ፣ ዛሬ አልቀበልም።

ሁለተኛ ደረጃ ለምትማረው የእህቴ ልጅ አነበብኩላት።

«ጋሼ፣ እምቢ አለችው ማለት ነው?» አለችኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ስንኙን ለራሷ ደግማ አነበበችውና ሳቀች። «ዛሬም እኮ ሰኞ ነው። ሳምንት ተመለስ እያለችው ነው!»

ከዚያ በኋላ ግጥሙ ውስጥ ሁለት ቦታ የነበረውን «ፍቅር» የሚል ቃል ሰረዝኩት።