እንጀራ መጋገሪያ ቤት ስከራይ መጀመሪያ የማየው ቆጣሪውን ነው

አዳማ ውስጥ እንጀራ ጋግረው ለሆቴልና ለሱቅ የሚያስረክቡ ሴቶች በርክተዋል። እኔም አንዷ ነኝ። ሰሞኑን «ቤት ልከራይ ነው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ይሻላል ወይስ ፍራንኮ?» የሚሉኝ በዙ።

ለቡቲክ ቢሆን ጥያቄው ልክ ነው። ለእኛ ግን አስፋልት ዳር መሆን ትርፉ ኪራይ ነው። የኔ እንጀራ ጠዋት በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ አብዛኞቹ ደንበኞቼ የት እንደምጋግር እንኳ አያውቁም። ገባ ያለ ግቢ፣ ባጃጅ በሩ ድረስ ከደረሰ፣ ይበቃኛል። ደላላ ይሄን መስማት አይወድም። «እናቴ፣ ፊት ለፊት እኮ ነው!» ይላል። ኮሚሽኑ ከኪራዩ ነዋ!

እኔ መጀመሪያ የማየው ቆጣሪውን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። አራት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ ከ12 አለፈ ማለት ነው። ተራ የመኖሪያ ቤት መስመር ይህን አይችልም። ገመዱ ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ኃይሉ ሲደክም ደግሞ ምጣዱ በደንብ አይግልም፤ እንጀራውም ዐይን አያወጣም። ስለዚህ ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ከባድ ጭነት የሚችለው ባለ ሦስት መስመር ኃይል፣ ከሌለ ሌላውን አላይም። «አመልክተናል፣ ሰሞኑን ይገባል» የሚል አከራይ ካጋጠመኝ፣ «እሺ፣ ሲገባ ይደውሉልኝ» ብዬ እወጣለሁ። በራሳችሁ ወጪ ልታስገቡ ከሆነም፣ ገንዘቡ ከኪራይ እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ስትለቁ ቆጣሪውን ይዛችሁ አትሄዱም። ውዝፍ ሂሳብ ካለበትም ቀድማችሁ አጣሩ።

ቤት ለማየት የምሄደው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋትማ የትኛውም ቤት ቀዝቃዛ ነው። የአዳማ ሙቀት ሊጥ ላይ አይቀልድም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሚያዝያ ላይ ሊጥ አስቀምጡና እዩት፤ አብሲት ሳትጥሉለት ኮምጥጦ ይጠብቃችኋል። ሆቴሉ ደግሞ ኮምጣጣ እንጀራ ይመልሳል። ሊጡ የሚቦካበት ክፍል ከምጣዶቹ የተለየ፣ ከሰዓት ፀሐይ የማይመታው ቢሆን ጥሩ ነው። በዚያ ላይ ንፋሱ አለ። ከተማችን ዳር የንፋስ ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። መስኮቱ ወደ አቧራማ መንገድ ከሆነ ወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል፤ አሸዋ ያለበት እንጀራ አንዴ ከሸጣችሁ ደንበኛው አይመለስም።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ያለባት ሳህን ናት፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል። ስለዚህ የግድግዳውን ግርጌ እዩ። እታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ የጎረቤት ሱቅ ገብታችሁ ለስላሳ ግዙና ጠይቁ። አከራዩ ያልነገራችሁን ባለሱቁ ይነግራችኋል። ጤፉ በጆንያ የሚቀመጠው መሬት አጠገብ ነው፤ አንድ ሌሊት ውሃ ከገባ አለቀ።

ውሃው ይመጣል ወይስ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታስ አለ? ይሄን ሁሉም ይጠይቃል። የሊጥ እጣቢው የት ይፈሳል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ይሸታል! ግቢው ውስጥ ሌላ ተከራይ ካለ በሳምንቱ ጠብ ይነሳል።

ስለ ውል አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ የሚጠብቀው ይመስለዋል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የሚመለከተው መኖሪያ ቤት ነው፤ የሁለት ዓመቱም ውል ሆነ የጭማሪው ገደብ ለንግድ ቤት አይሠራም። እኛን በዋናነት የሚጠብቀን የተፈራረምነው ወረቀት ነው። እኔ የነበርኩበት አንዱ ቤት፣ ምጣዱ ከተተከለና ደንበኛው ከለመደ በኋላ፣ ባለቤቱ ውሉ ሲያልቅ ኪራዩን በግማሽ ጨመሩብኝ። መብታቸው ነበር፤ ተናድጄ ግን ሰነበትኩ። አሁን ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል፣ ጭማሪውም በመቶኛ ተጽፎ ካልሆነ አልፈርምም። ቤቱ መንገድ ማስፋፊያ ወይም ኮሪደር ልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ታናሽ እህቴም መብራት ኃይል አካባቢ ልትጀምር ቤት እየፈለገች ነው። ስሪ ፌዝ ያለው፣ የሚለቀቅ ቤት የምታውቁ ጠቁሙን። ደላላ ባይሆን ደስ ይለናል።