በጉ አርክቲክን ጠጣብኝ

ባለፈው ታህሳስ የአከራዬ ሙክት የአርክቲክን ውቅያኖስ ጠጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ተቅማጥ ሲያጣድፈው ከረመ። በዚያው ሳምንት የሱቅ ዱቤዬን ተገድጄ ከፈልኩ፣ ከመንዝ ድረስም ስንቅ ተሰንቆልኝ መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ከደብረ ብርሃን ንቅንቅ አላልኩም።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስታፍ ውስጥ ሻይ ይዤ ስልኬን ስነካካ፣ በሰው አገር መምህራን ከሳይንቲስቶች ጋር በመርከብ ወደ አርክቲክ እንደሚሄዱ አነበብኩ። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። በረዶው ላይ ወርደው እየሰረሰሩ እንደ ሸንኮራ አገዳ ድቡልቡል ያለ የበረዶ ዘንግ ያወጣሉ፣ የዘንጉን ጎን እየበሱ ቴርሞሜትር ይሰኩበታል፣ ከላይ የተኛውን አመዳይ ውፍረት ይለካሉ፣ ያዩትን ለተማሪዎቻቸው ይጽፋሉ። አጠገባቸው ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሞ ነጭ ድብ እንዳይመጣባቸው ይጠብቃል። እኔ 9ኛ "ሐ" ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ይህንኑ አወራሁ። አወራሁ ሳይሆን ነጎድኩ ማለት ይሻላል። በረዶው የምድር ነጭ ጋቢ ነው፤ አመዳይ የለበሰ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ይወረውራል፤ ጋቢው ሲገፈፍ የሚወጣው ጥቁር ባሕር ግን ከ10 በመቶ ያነሰውን ብቻ መልሶ ሌላውን ይውጠዋል፣ ይሞቃል፣ የቀረውን በረዶም ያቀልጣል አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 መስከረም ላይ የአርክቲክ በረዶ 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2012 መስከረም ግን 3.4 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ኢትዮጵያን ስድስት ጊዜ አንጥፉ፣ ከዚያ ሦስቱን አንሱ ስላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነው ያሳሳተኝ። ሞቅ አለኝና "እኔም ብጠራ ነገውኑ ሰሜን ዋልታ ነኝ!" አልኩ።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ከተማው የያዘው "ነገ" እና "ሰሜን ዋልታ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ ባለሱቁ ከሩቅ ጠራኝ። "ቲቸር፣ እንኳን ደስ ያለህ! ያቺን ዱቤ ግን ከመሄድህ በፊት..." አለና ደብተሩን ገለጠ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ምትክ መምህር ከየት እንደሚያመጣ በሐዘኔታ ጠየቀኝ። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ ወሬውን በግማሹ ሰምቶ ዋልታ ቴሌቪዥን የተቀጠርኩ መስሎታል፤ "ዜና ነው ወይስ ፕሮግራም?" አለኝ። ማስተባበል ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልናገርና ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ሻይ የተጋበዝኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ለዝናዬ የሚመጥን ነገር መሥራት አለብኝ ብዬ ሙከራ አዘጋጀሁ። የደብረ ብርሃንን የታህሳስ ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊት ደጅ የተረሳ ውሃ ጠዋት መስታወት ለብሶ ይገኛል። ታዲያ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ሁለት ትንንሽ ሳፋ አዘጋጀሁ። አንደኛው ውስጥ ሦስት ሊትር የቧንቧ ውሃ። ሁለተኛው ውስጥ ሦስት ሊትር ውሃ ከ105 ግራም ጨው ጋር፤ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለውና። ጨው ያልገባበት ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይረጋል፣ የባሕር ውሃ ግን እስከ 1.8 ከዜሮ በታች ድረስ ይግደረደራል። ጠዋት አንዱ ረግቶ ሌላው ሳይረጋ ሲገኝ ተማሪዎቼ በዓይናቸው ያዩታል። ሁለቱንም ግቢው መሃል አስቀምጬ፣ ከላብራቶሪ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር ጨዋማው ውስጥ ነክሬ ተኛሁ።

ያላሰብኩት ነገር፣ አከራዬ እማማ ለገና የሚያደልቡት ሙክት ሌሊት ገመዱን እንደሚፈታ ነው። በግና ጨው ደግሞ ታውቃላችሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተማሪዎቼ በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ ሁለቱ ስልካቸውን ለቪዲዮ ደግነዋል። ወጥቼ ሳይ የመጀመሪያው ሳፋ እንዳሰብኩት ስስ መስታወት ለብሷል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ሳይሆን ተልሶ ተወልውሏል። ቴርሞሜትሩ አፈር ላይ ተጋድሟል። ሙክቱ ከንፈሩን እያራሰ አጠገቡ ቆሟል፤ አገጩ ላይ ያሉት ጠብታዎች ገና አልደረቁም።

"ቲቸር፣ አርክቲክ የታለ?" አለ አንዱ።

ወደ በጉ ጠቆምኩ። ምን ልበል?

ሙክቱ ያን ቀን የጠጣውን ውሃ እግዜር ይቁጠረው፤ የእማማን የጠላ መጥመቂያ ውሃ ሳይቀር ጨረሰው። ማታ ላይ ጓሮው መግቢያ አጣ። እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሸፍነው በሬን አንኳኩ።

"አንተ መምህር፣ በጌን ምን አበላኸው?"

"እማማ፣ ምንም አላበላሁትም። የባሕር ውሃ ጠጥቶ ነው።"

"የምን ባሕር?"

"የአርክቲክ።"

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው "ባሕር? ደብረ ብርሃን ላይ?" አሉና ለብቻዬ እንድሆን ትተውኝ ሄዱ። ማምሻውን ጠበል አመጡ። ለበጉ መስሎኝ ነበር።

ይኼ ሳያንስ በማግስቱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከመንዝ መጣ። ወሬው መሐል ሜዳ ደርሶ እናቴ አልቅሳለች። ከራሱ የሚከብድ ባና ተሸክሟል፣ በሶ በስልቻ፣ ቆሎ በፌስታል። "ብርድ አገር ነው አሉን" ብሎ ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ ጎንበስ አልኩ። እንደማልሄድ ልነግረው አፌን ስከፍት ጥያቄ ጀመረ፤ ለእሱ ጥያቄ ካልመለሱ ደግሞ ሌላ ወሬ አይሰማም።

"ሌሊቱ ስድስት ወር ነው የሚሉት እውነት ነው?"

"ልክ ዋልታው ላይ አዎ፣ ጋሼ።"

"ቀኑስ?"

"ቀኑም ስድስት ወር።"

አሰበበት። "ታዲያ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚሉት በየትኛው ፀሐይ ነው?"

መልስ የለኝም። ወሬ ለማስቀየር ስለ መርከቡ አነሳሁ። ፖላርስተርን የሚባለው የጀርመን መርከብ እ.ኤ.አ. በ2019 ሆን ብሎ በረዶው ውስጥ ተይዞ፣ በረዶው ወደ ወሰደው እየተወሰደ ወራት ሙሉ ሲጠና እንደቆየ ነገርኩት። ከእሱ በፊትም ናንሰን የሚባል ኖርዌያዊ በ1893 ፍራም በሚባል የእንጨት መርከብ ሄዶ እንዲሁ አስይዞት፣ መርከቡ የወጣው በሦስት ዓመቱ ነው አልኩት። አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ።

"አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሦስት ዓመት ተይዞ ሹፌሩ 'ጥናት ላይ ነኝ' ቢል ባለንብረቱ ያምነዋል?"

የጠመንጃውን ነገር ሲሰማ ግን ሳቁን አቆመ። ድብ የሚጠብቅ ሰው በደሞዝ እንደሚቀጠር ሲረዳ ፊቱ በራ። "ለጅብ ስንት ሌሊት ያልተኛሁ ሰው ነኝ፤ ስሜን አስመዝግብልኝ" አለ። አልሄድም ማለት አሁን የእኔን ብቻ ሳይሆን የእሱንም ሥራ ማስቀረት ሆነ። እራት ላይ እንደምንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "በሶውን ግን አልመልስም፤ መንገዱ ሩቅ ነው" አለ። ባናውም ቀረልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ስድስት ወር ባይጨልምም ይህችን እጽፍ ዘንድ ያሞቀኝ እሱ ነው።

ሙከራውን አልተውኩትም። ባለሱቁን ለምኜ (ዱቤዬን ከፍያለሁና አላሳፈረኝም) ጨዋማውን ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስገባሁ። በግማሽ ሲረጋ ያልረጋውን ደፍተን በረዶውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገን አቀለጥነው። ተማሪዎቼ ቀመሱ፤ ጨውነቱ ቀንሷል። ውሃው ሲረጋ ጨውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው ዓመታት የቆየ የባሕር በረዶ ሲቀልጥ የሚጠጣው። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ "በጉ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ጣፋጩን ያገኝ ነበር" አለ። ማርክ ሰጠሁት።

ሙክቱ አገገመ፣ ከበፊቱም ወፈረ። ገና ደርሶ ታረደ፤ እማማም ቅያሜያቸውን ትተው ጠሩኝ። ግቢው በእንግዳ ሞልቷል። ጥብሱን አንስቼ ገና አንዱን ጉርሻ ሳላጣጥም አንዲት ጎረቤት ጨው እንዲያቀብሏት ጠየቀች።

እማማ ወደ እኔ በአገጫቸው ጠቁመው "ቅመሺው እስቲ መጀመሪያ" አሏት። "መምህሩ ከነነፍሱ ሳለ ጨምሮበታል።"