ዝም ያለ እግር

ሰሞኑን ሀሳቤ ሁሉ እግር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ገና መራመድ የጀመረ ህፃን አለ፣ ስኳር ያለባት እናቴ አለች፣ መሀል ላይ ደግሞ በስራ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውለው እኔ አለሁ። እና የሶስታችንንም እግር ሳስበው ሲያመው በደንብ የሚናገረው የኔ ብቻ ነው፣ የልጁም የእማዬም ዝም ይላል፣ ከሁሉም በላይ እንክብካቤ የሚፈልጉት ግን እነሱ ናቸው።

የህፃን እግር አብዛኛው ገና ያልጠነከረ ለስላሳ አጥንት ነው። ጫማው ቢጠበው እንኳን ላያለቅስ ይችላል፣ እግሩ ዝም ብሎ ይታጠፍለታል። በዛ ላይ ጫማውን ከላይ ጫን አድርገን ጣቱን ስንፈልግ ልጅ ጣቱን ይሰበስባል፣ እኛ ደግሞ ሰፊ ነው ብለን እናልፋለን። እኔ አሁን የማደርገው ወረቀት ላይ አቁሜ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእስክሪብቶ እስልና ቆርጬ ጫማው ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ወረቀቱ ከታጠፈ ጠቦታል ማለት ነው፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መትረፍ አለበት። በዚህ እድሜ ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ በየሁለት ሶስት ወሩ ማየት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ግን ባዶ እግሩን ቢሄድ ይሻለዋል፣ ጣቶቹ መሬቱን ይይዛሉ፣ ጡንቻውም ይጠነክራል። ውስጥ እግሩ ዝርግ ነው ብላችሁ የምትጨነቁም አትጨነቁ፣ በዚህ እድሜ ስር ስሩ ያለው ስብ ነው እንደዛ የሚያስመስለው፣ አብዛኞቹ ልጆች 6 አመት አካባቢ ሲደርሱ መሀሉ ጎድጎድ እያለ ይመጣል። የሚያመው ከሆነ ወይ አንዱ እግር ከሌላው ከተለየ ግን ሀኪም ይየው።

ከፍ ሲሉ እግር መናገር ይጀምራል፣ የማይሰማው አዋቂው ነው። ከ8 እስከ 14 አመት ያለ ሩጫና ኳስ የሚወድ ልጅ ተረከዜን አመመኝ ሲል አውቆ ነው፣ ሰንፎ ነው ይባላል፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ተረከዙ ላይ ገና እያደገ ያለ የአጥንት ክፍል አለ፣ ሩጫ ሲበዛ በባት ጅማት እየተጎተተ ይታመማል። እረፍት ስጡት፣ ያልፍለታል።

አዋቂ ስንሆን ደግሞ የራሳችንንም አንሰማም። አንድ እግር 26 አጥንት አለው፣ ሁለቱ 52፣ ከሰውነታችን 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ እዛ ታች ነው ያለው፣ ግን ፊታችንን የምናየውን ያህል አናየውም። ጠዋት ከአልጋ ወርደን የመጀመሪያውን እርምጃ ስንረግጥ ተረከዛችንን ውግት የሚያደርገን ህመም ብዙ ጊዜ ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ጅማት ሲቆጣ የሚመጣ ነው፣ ባትንና ውስጥ እግርን በየቀኑ ማሳሳብና ተረከዝን የሚደግፍ ጫማ ማድረግ ይረዳል፣ ግን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ትዕግስት ይፈልጋል። እህቴ ደግሞ ከወለደች በኋላ የድሮ ጫማዎቿ እምቢ አሏት፣ በእርግዝና ጊዜ ጅማት ስለሚላላ እግር ሊሰፋና እንደዛው ሊቀር ይችላል። እርጉዝ ሴት እግሯ ማበጡ የተለመደ ቢሆንም እብጠቱ በድንገት ከመጣ፣ ፊትና እጅም ካበጠ፣ ራስ ምታት ካላት ግን የዛኑ ቀን ሀኪም ጋ ነው።

እማዬ ጋ ስመጣ ነገሩ ይከብደኛል። ስኳር ቀስ በቀስ የእግር ነርቭን ይጎዳል፣ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ብትረግጠው ላይሰማት ይችላል፣ የደም ዝውውሩም ከቀነሰ ትንሽ ቁስል አልድን ብሎ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ባለፈው ምርመራ ሀኪሙ አይኗን አስጨፍኖ በቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግሯን እየነካ «ይሰማዎታል?» ሲላት አንዳንዱ ቦታ ላይ ክሩ ነክቷት እያየሁ እሷ ዝም ብላ ስትጠብቅ በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዛ ወዲህ ማታ ማታ እግሯን የማየው እኔ ነኝ፣ ጎንበስ ብላ ማየት ይከብዳታል፣ አይኗም ደክሟል። መጀመሪያ ታፍር ነበር። «ተይው፣ አያመኝም እኮ ልጄ» ትለኛለች፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው እላታለሁ። ተረከዟን፣ ውስጥ እግሯን፣ የጣቶቿን መሀል አያለሁ፣ የመታጠቢያዋን ውሃ ሙቀት እኔ በክርኔ እለካለሁ፣ ታጥባ ስትጨርስ ጣቶቿ መሀል በደንብ አደርቃለሁ፣ ሎሽን ከላይም ከስርም እቀባታለሁ፣ ጣቶቿ መሀል ግን አልቀባም፣ እርጥበት ሲይዝ ለፈንገስ ይመቻል። ጥፍሯን ቀጥ አድርጌ እንጂ ጥጉን ቆፍሬ አልቆርጥም፣ የጠጠረ ቆዳ በምላጭ መላጥማ በፍፁም። ቁስል ካየሁ አመማትም አላመማትም በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ነው።

ነገ ጫማ ልንገዛላት ነው። ከሰአት በኋላ ነው የምንሄደው፣ እግር እየዋለ ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። እሷ አሁንም የድሮ ቁጥሯን ነው የምትጠይቀው፣ ግን እግር በእድሜ እየረዘመና እየሰፋ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቆማ ሁለቱንም አስለካታለሁ፣ በትልቁ እግር ልክ እንገዛለን። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰአት ብቻ ታደርገዋለች፣ ከዛ አስወልቄ የቀላ ቦታ ካለ አያለሁ።