ንጋት 11፡00

ሥራችን የጣናን ዳርቻ የተፈጥሮ ድምፅ እየቀረጹ በካርታ ላይ ማስፈር ነበር። የአካባቢው ሰው ሐይቁን «ባሕሩ» ነው የሚለው፤ እኛም ለምደነዋል። ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ፣ ጭምባ ረግረግ ውስጥ፣ ስድስት መቅረጫዎችን ደንገሉ ዳር በተከልናቸው እንጨቶች ላይ አሰርን።

ከሁሉ አብልጠን የፈለግነው የግራጫ ክሬኖችን ድምፅ ነው። ከአውሮፓ መጥተው በጋውን እኛ ዘንድ የሚያሳልፉት እነዚህ ባለ ረጅም እግር ወፎች ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ ወደ ማሳ ከመነሳታቸው በፊት ተያይዘው ይጮኻሉ። የአየር ቧንቧቸው ረጅም ሆኖ ደረት አጥንታቸው ውስጥ ስለሚጠማዘዝ ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም።

የቀረጻውን ሰንጠረዥ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ንጋት 11፡00» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ቁጥሯን እንዳለች መሣሪያው ላይ ሞላት። መሣሪያው ግን የሚሠራው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ለእሱ 11፡00 ማለት ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ በሦስተኛው ቀን የአንዱን ካርድ አውጥቼ የፋይሉን ስም ማየቴ ነው። 11፡00 ይላል። ትክክል መስሎኝ፣ ሳላዳምጠው መለስኩት።

ከአሥር ቀን በኋላ ቢሮ ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ነፋስ ብቻ። ድምፁን በሥዕል በሚያሳየው ስፔክትሮግራም ላይ ከታች በኩል እንደ ጭስ ተጋድሟል፤ በላዩ የሞተር ጀልባ ድምፅ ተሰምሯል። ስድስቱም ያው ናቸው። አልደመሰስናቸውም፤ የረፋዱ ነፋስና ሞተርም የዚያ ዳርቻ ድምፅ ነው። የካቲት ግን እያለቀ ነበር። ተመልሰን ስንደርስ ረግረጉ ላይ አንድም ክሬን የለም።

መሣሪያዎቹን ይጠብቁልን የነበሩት አዛውንት ታንኳቸውን ወደ ዳር ሲጎትቱ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«መብራቷማ ብልጭ የምትለው ረፋድ ላይ ነበር፤ ወፎቹ ከሄዱ በኋላ» አሉኝ።

«ምነው አባባ፣ ያኔ ቢነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ ልጄ? እናንተ የተማራችሁት እንዲህ ቢሆን ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

በቀጣዩ ኅዳር ክሬኖቹም እኛም ተመለስን። ሰንጠረዡ ላይ ቁጥር ብቻውን አይጻፍም፤ «05፡00፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወፎቹ ሳይነሱ» ይላል። የመጀመሪያውን ንጋት ቅጂም እዚያው ጭቃው ላይ ቆመን ሳናዳምጥ ወደ ከተማ አንመለስም። ማዳመጫውን መጀመሪያ የሰጠሁት ለአባባ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና እጃቸውን አነሱ።

«ይኼ የኋላው ጩኸት የዚህ አይደለም። ከወንዙ አፍ ማዶ ነው፤ እዚያም ያድራሉ።»

ካርታችን ላይ እዚያ ምንም ምልክት አልነበረም። ከስድስቱ መቅረጫዎች አንዱን ነቅለን በታንኳቸው ተሻገርን።